በቲም ፎርትረስ 2 ስለ መሐንዲሱ ተግባር፤ ምን እንደሚሠራ፣ የት እንደሚተክል፣ መቼም ትቶ እንደሚሄድ

በኮምፒዩተር ከሚካሄዱት የተኩስ ጨዋታዎች ብዙዎቹ የዓይንን ቅልጥፍናና የጣትን ፍጥነት ከሁሉ በላይ ሲያከብሩ፣ ቫልቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በጥቅምት 2007 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቲም ፎርትረስ 2 ግን፣ ከዘጠኙ ተዋጊዎቹ ለአንደኛው ከጠመንጃው ይልቅ የብሎን መፍቻውን የማዕርግ መሣሪያ አድርጎ ሰጥቶታል። ይህ ተዋጊ መሐንዲሱ ነው። የጨዋታው ጥንተ ታሪክ እስከ 1996 እ.ኤ.አ. ድረስ ወደ ኋላ የሚሄድ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ሮቢን ዎከር የተባለ አውስትራሊያዊና ጓደኞቹ ኩዌክ በሚባለው ጨዋታ ላይ የራሳቸውን ሥራ ጨምረው ያዘጋጁት የቡድን ውጊያ የሥራ ክፍፍልን መሠረት ስላደረገ፣ አንዱ የሌላውን ጉድለት እየሞላ የሚዋጋበት ሥርዓት ከዚያ ተወርሶ እስከ ዛሬ ቆይቷል።

ከሰኔ 2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጨዋታው በነጻ ስለሚገኝ፣ ዕድሜው በገፋ ኮምፒዩተር ላይም ስለሚሠራ፣ ዛሬም አዲስ ሰው ሳይገባበት የሚውልበት ቀን የለም። ከገቡትም መካከል ብዙዎቹ መሐንዲሱን የሚመርጡት ሥራው ቀላል መስሎ ስለሚታያቸው ነው፤ ለዚህም ስሕተት ኩባንያው ራሱ ከተጠያቂነት አይድንም፤ መሐንዲሱን ለማስተዋወቅ ባወጣው አጭር ፊልም ላይ ሰውየው ተዝናንቶ ተቀምጦ ጊታሩን ሲመታ፣ መትረየሶቹ ግን በራሳቸው ጠላቱን ሲያጭዱለት ይታያልና። እውነተኛው መሐንዲስ ጊታር የሚመታበት ጊዜ የለውም። እርስዎም ይህን ሥራ ለመጀመር አስበው፣ ወይም ጀምረው የሠሩት ሁሉ በቶሎ እየፈረሰብዎ ተማረው እንደ ሆነ፣ ከሁሉ አስቀድመው አንድ ነገር በልቡናዎ ይጻፉ፦ የሚተክሉት ሁሉ ኃላፊ ጠፊ ነው፤ ዋጋውም የሚለካው ቆሞ በመቆየቱ ሳይሆን፣ ቆሞ በቆየበት ሰዓት ለጓደኞችዎ ባስገኘላቸው ጊዜ ነው። ከዚህ በታች የሚነገረው ምክር ሁሉ ከዚህ ሐሳብ የሚመነጭ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ፤ ሒሳቡን የማያውቅ መሐንዲስ ብልኃትም ቢኖረው አይጠቅመውምና። የመሐንዲሱ ሕይወት 125 ነጥብ ብቻ ነው፤ ወታደሩ 200፣ ሄቪ የሚባለው ግዙፍ 300 ሲኖራቸው እርሱ ከሐኪሙ ከ150ው እንኳ ያንሳል፤ ስለዚህ ፊት ለፊት ተጋጥሞ እንዲያሸንፍ የተፈጠረ ሰው አይደለም። በከረጢቱ ከ200 የሚበልጥ ብረት አይዝም። ሴንትሪ የሚባለው በራሱ እያነጣጠረ የሚተኩሰው መትረየስ 130 ብረት ይፈጃል፤ ጓደኞችን የሚያክመውና ጥይት የሚያድለው ዲስፔንሰር 100፤ ቴሌፖርተር የሚባለው የመጓጓዣ መሣሪያ ደግሞ ለመግቢያው 50፣ ለመውጫው 50 ይጠይቃል። እያንዳንዱ መሣሪያ እስከ ሦስተኛ ደረጃ ያድጋል፤ ለእያንዳንዱም እድገት 200 ብረት ያስፈልጋል፤ መፍቻው በአንድ ምት የሚያፈስሰው 25 ብረት ስለ ሆነ ስምንት ጊዜ መምታት ግድ ነው። የቴሌፖርተሩን አንዱን ጫፍ ካሳደጉ ሌላው ጫፍ አብሮ ስለሚያድግ፣ ሁሉን ከምንም አንሥተው እስከ ሦስተኛ ደረጃ ለማድረስ የሚያስፈልግዎ 1,530 ብረት ነው፤ ይኸውም ስምንት ከረጢት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ማለት ነው። እንግዲህ ሥራው በአመዛኙ የማመላለስ ሥራ መሆኑን ከዚህ ይረዱታል። ብረት ከጥይት ሳጥን፣ ከመነሻው ክፍል ቁም ሣጥን፣ ከዲስፔንሰሩ፣ ከወደቁት ተዋጊዎችም ከተጣለው መሣሪያ ይገኛል፤ ትልቁ የጥይት ሳጥን ከረጢቱን ሞልቶ ይሰጣል፣ መካከለኛው ግማሹን ይሰጣል። በማንኛውም አዲስ ካርታ ሲገቡ ከመንገዱ በፊት የሳጥኖቹን ቦታ ማጥናት የመጀመሪያ ትምህርትዎ ይሁን።

የመጀመሪያው ደቂቃ በወገን በወገኑ ይለያያል። ዱስትቦልን በመሰሉት፣ ቀዩ ወገን ይዞታውን ሲጠብቅ ሰማያዊው በሚያጠቃባቸው ካርታዎች፣ የመከላከያው ወገን በሩ እስኪከፈት ድረስ አንድ ደቂቃ ያህል የዝግጅት ጊዜ ይሰጠዋል። ብዙ ሰዎች በዚህ ደቂቃ ወዲያው ሴንትሪውን ለመትከል ይሮጣሉ፤ እኔ ግን ዲስፔንሰሩን ማስቀደም ይሻላል እላለሁ፤ ጠላት ገና በሌለበት ሰዓት መትረየስ ሥራ ፈት ነው፣ ዲስፔንሰር ግን ከቆመበት ቅጽበት ጀምሮ በየአምስት ሰከንዱ 40 ብረት ማፍራት ይጀምራልና። ዲስፔንሰሩን ይትከሉ፤ እየተገጣጠመም ሳለ በመፍቻው ይምቱት፣ ምቱ ግንባታውን ያፋጥነዋል፤ ከቅርቡ ሳጥን ብረት አንሥተው ሴንትሪውን ይትከሉ፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱን በተራ እየመቱ ያሳድጉ። የዝግጅት ጊዜ በሌለበት፣ ወይም ይዞታ ተነጥቆ ወደ ኋላ እየተሸሸ በሚሠራበት ሰዓት ግን ሥርዓቱ ይገለበጣል፤ ሴንትሪው ይቀድማል፣ አንደኛ ደረጃም ቢሆን።

ለአጥቂው ወገን ከተሰለፉ ደግሞ ሌላውን ሁሉ ትተው አስቀድመው የቴሌፖርተሩን መግቢያ፣ ከመነሻው ክፍል የሚወጣ ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ፣ መትከል በሚፈቀድበት በመጀመሪያው መሬት ላይ ያኑሩ። ምክንያቱን ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የሴንትሪው ሥፍራ ምርጫ ነው፤ መሐንዲስን ከመሐንዲስ የሚለየውም ይኸው ስለ ሆነ ጥቂት ብንቆይበት አይከፋም። ሴንትሪው የሚያየው በጨዋታው መለኪያ እስከ 1,100 ድረስ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የቆመ ጠላት በፊቱ ተገትሮ ሳለ እንኳ አይተኩስበትም። ስለዚህ ረጅም መተላለፊያ መጨረሻ ላይ የተተከለ ሴንትሪ፣ ለጀማሪ ዓይን ሰፊ ሜዳ የሚጠብቅ ቢመስለውም፣ ለወታደሩ ሮኬትና ስናይፐር ለሚባለው አልሞ ተኳሽ ጥይት የተዘረጋ ኢላማ ነው፤ እነርሱ ከሩቅ ሆነው እስኪፈርስ ድረስ ይመቱታል፣ እርሱም ዝም ብሎ ይመታል። የተሻለው ቦታ ጠላት ማዕዘኑን ሲታጠፍ ወይም ደጃፉን ሲሻገር ድንገት ከሴንትሪው ዓይን ሥር የሚወድቅበት፣ ርቀቱም ለማፈግፈግ የማይመች የሆነበት ነው። ዳሩ ግን ከማዕዘኑ እጅግ ሲጠጋም ሌላ ጥፋት አለ፤ ዲሞማን የሚባለው ቦምበኛ ራሱን ሳያሳይ ተጣባቂ ቦምቦቹን ከማዕዘኑ ጀርባ እየወረወረ በአንድ ጊዜ ያፈነዳቸዋል። ሁለቱን ጥፋቶች የሚያስታርቅ መካከለኛ ርቀት በእያንዳንዱ ካርታ አለ፤ እርሱን ለማግኘት ጥሩው ዘዴ ከመትከልዎ በፊት ጠላት በሚመጣበት መንገድ ራስዎ ተራምደው መጥተው፣ በእርሱ ዓይን ቦታውን ማየት ነው።

ቦታውን ሲመርጡ ሦስት ነገር ይጠይቁ። የመጀመሪያው፣ ጠላት ከስንት አቅጣጫ ይመጣል የሚለው ነው፤ ከአንድ አቅጣጫ ቢሆን መልካም፣ ከሁለት ቢሆን ይቻላል፣ ከሦስት ከሆነ ሌላ ቦታ ይፈልጉ። ሁለተኛው፣ እኔ የት ቁጭ ብዬ እመታዋለሁ የሚለው ነው፤ ሴንትሪው በእርስዎና በጠላት መካከል ጋሻ እንዲሆን፣ እርስዎም ከኋላው አጎንብሰው እየጠገኑ እንዳይታዩ ማድረግ ይገባል፤ ነገር ግን ከግድግዳው ጋር እጅግ ካጣበቁት፣ ሮኬቱ ግድግዳው ላይ ሲፈነዳ ፍንጣሪው ከመትረየሱ ጋር እርስዎንም ያገኝዎታል። ሦስተኛውና ብዙዎች ጨርሶ የማይጠይቁት፣ ነገሩ ቢበላሽ በየት እሸሻለሁ የሚለው ነው። መሸሻ የሌለው ምሽግ፣ የቱንም ያህል የጸና ቢሆን፣ መሐንዲሱ ከሥራው ጋር አብሮ የሚቀበርበት ጉድጓድ ነው።

ከፍ ያለ ሥፍራ፣ ለምሳሌ የጣሪያ ጫፍ ወይም የደረጃ አናት፣ በመሠረቱ መልካም ነው፤ የሚመጣው ሰው ዓይኑ ወደ ፊት እንጂ ወደ ላይ ስለማይሆን የመጀመሪያዎቹ ጥይቶች ሳያስበው ያገኙታል። አንድ ቦታ ግን ሁለት ጊዜ ከሠራ በሦስተኛው አይሠራም፤ ተቃራኒዎ የሞተበትን ማዕዘን አይረሳምና። ስለዚህ በያንዳንዱ ሞት መካከል ጥቂት እርምጃ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ፈቀቅ ማድረግ፣ አንድ ሙሉ ደረጃ ከማሳደግ የሚበልጥ ጥቅም የሚሰጥበት ጊዜ አለ። ቱፎርት በሚባለው ጥንታዊ ካርታ ጠላት ሊሰርቀው የሚሻው የሰነድ ቦርሳ በምድር ቤት ስለሚቀመጥ፣ እዚያ ወርዶ እንደ ባሕታዊ ዘግቶ የሚቀመጥ መሐንዲስ ዘወትር አይታጣም። እውነት ነው፣ ቦርሳው ይጠበቃል፤ ጓደኞቹ ግን ድልድዩ ላይ ያለ ሐኪም፣ ያለ ጥይት፣ ያለ ቴሌፖርተር ይረግፋሉ፤ እርሱም ከምድር በታች ሆኖ ጠላት የሚመጣበትን ሰዓት ሲጠብቅ ጨዋታው ያልቅበታል። ከምድር ቤቱ ይልቅ ግቢውን ወይም ወደ ታች የሚወርደውን መንገድ አፍ መያዝ ለቦርሳውም ለሰውም ይበጃል።

ስለ ዲስፔንሰሩ አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ ለራስዎ ብቻ አይሥሩት። አንደኛ ደረጃው በሰከንድ 10፣ ሦስተኛው 20 የሕይወት ነጥብ ይመልሳል፤ ይህን ረድኤት ከሴንትሪው ኋላ በጨለማ ጥግ ደብቀው ለብቻዎ ከሚጠጡት፣ የቆሰለ ጓደኛ ከጦሩ ሜዳ አፈግፍጎ ሊደርስበት በሚችል፣ ጥይት ግን በማያገኘው ማዕዘን ቢያኖሩት፣ ጓደኞችዎ ሳይጠሩ በዙሪያው ይሰበሰባሉ፤ በዙሪያው የተሰበሰቡትም ሳያውቁት የሴንትሪዎ ዘበኞች ይሆናሉ።

ቴሌፖርተሩ የሚገባውን ክብር የማያገኝ መሣሪያ ነው። ጠላት ሲገድል አይታይም፣ በውጤት ሰሌዳው ላይም ጎልቶ አይወጣም፤ ስለዚህ ውዳሴ ከንቱን የሚሻ ሰው በመጨረሻ ይሠራዋል፣ ወይም ጨርሶ አይሠራውም። ነገር ግን በሰፋፊዎቹ ካርታዎች የሞተ ሰው ከመነሻው ክፍል እስከ ግንባሩ በእግሩ ሲሄድ የሚያጠፋው ጊዜ በሞተ ቁጥር የሚደገም ስለ ሆነ፣ ጥሩ የሆነ መውጫ አንድ ተጨማሪ ተዋጊ ወደ ሜዳው ከማምጣት አይተናነስም። ይልቁንም ሄቪው፣ አካሄዱ እጅግ ዘገምተኛ የሆነው ያ ግዙፍ ሰው፣ ከማንም በላይ ይመርቅዎታል። አንደኛ ደረጃ ቴሌፖርተር አንድ ሰው ካሳለፈ በኋላ ሌላውን ለማሳለፍ 10 ሰከንድ ይቆያል፤ ሁለተኛው 5፣ ሦስተኛው 3። ለዚህ ነው ለአጥቂው ወገን ከሴንትሪው በፊት ቴሌፖርተሩን አሳድጉ የምለው። መውጫውን ሲተክሉ የቀኙን የማውስ ቁልፍ ተጭነው አቅጣጫውን ማዞር እንደሚቻል አይርሱ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረ መውጫ ጓደኛዎን ግራ አጋብቶ ሁለት ሰከንድ ያሳጣዋል፣ ሁለት ሰከንድም ለስናይፐር በቂ ነው። ሌላም ማስጠንቀቂያ አለ፦ ልብሱን የለወጠ የጠላት ሰላይ በእርስዎ ቴሌፖርተር ተሳፍሮ ሊመጣብዎ ይችላል።

ስለ ሰላዩ ከተነሣ ይህን ክፍል ሳንቸኩል እንየው። የመሐንዲሱ ዋና ጸር ወታደሩም ቦምበኛውም አይደለም፤ ስፓይ የሚባለው ነው። ይህ ሰው የቡድንዎን አባል መልክ ይዞ ይመጣል፤ ሴንትሪውም ልብሱን የለወጠ ሰላይ ላይ አይተኩስም። የሚሠራው ሥራ ሁለት ነው፦ በመሣሪያዎችዎ ላይ ሳፐር የሚባል ማፍረሻ ይለጥፋል፤ ከኋላ ቆሞ በጩቤ ከወጋዎት ደግሞ የሕይወት ነጥብዎ የቱንም ያህል ቢሆን በአንድ ምት ይገድልዎታል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱን ያያይዛቸዋል፤ መጀመሪያ እርስዎን ወግቶ፣ ወዲያው ዞሮ ሳፐሩን ሴንትሪው ላይ ይለጥፋል። ከኋላው ግድግዳ ያለው፣ ዓይኑንም በየጥቂት ሰከንዱ ከመትረየሱ አንሥቶ ዙሪያውን የሚያይ መሐንዲስ የዚህን ሰው ሥራ ግማሹን ያከሽፍበታል።

የቀረውን ግማሽ የሚያከሽፈው ጥርጣሬ ነው። ከቡድንዎ አንድ ስናይፐር፣ ጠመንጃውን ሳይተኩስ፣ ወደ ግንባሩ ሳይሆን ወደ እርስዎ በቀስታ እየመጣ ነው እንበል። ስናይፐር ከሴንትሪ ጎን ምን ጉዳይ አለው? ሄደው ይጋጩት። በዚህ ጨዋታ ጓደኛ በጓደኛ አካል ውስጥ አልፎ ይሄዳል፤ ጠላት ከሆነ ግን፣ የለበሰው ልብስ ምንም ይሁን ምን፣ አካሉ አካልዎን ያግደዋል። ከታገዱ አይነጋገሩ፤ ይተኩሱበት። መጋጨት ካልፈለጉም በሩቁ ሾትጋን በሚባለው ጠመንጃዎ ይተኩሱበት፤ የጓደኛ ጥይት ጓደኛን ስለማይጎዳ የሚያጡት አንድ ጥይት ብቻ ነው፣ ማንም ቅን ጓደኛም በዚህ አይቀየምም። ጩቤ ሳይሰነዝር ሳፐሩን ብቻ ለጥፎ ከቆመ ደግሞ የሚከተለውን ያስተውሉ፦ ሳፐር መለጠፍ ልብሱን አይገፍፈውም። ስለዚህ ሳፐሩን በመፍቻ አውልቀው ሴንትሪው ይግደልልኝ ብለው ቢጠብቁ፣ ሴንትሪው አሁንም ጓደኛ መስሎት ዝም ይላል፣ ሰላዩም ሌላ ሳፐር ይለጥፋል፤ እርስዎ እያወለቁ እርሱ እየለጠፈ በመጨረሻ የሚሸነፉት እርስዎ ነዎት። ሰላዩ ክንድ በሚደርስበት ቅርበት ካለ አስቀድመው እርሱን ይግደሉ፤ ከሸሸ ወይም ከራቀ ግን ወዲያው ወደ ሳፐሩ ይመለሱ፤ በመደበኛው መፍቻ ሁለት ምት ይበቃዋል።

ፓይሮ የሚባለው እሳት ተፊ ወዳጅ በአካባቢዎ ካለ ሰላይን በማጋለጥ ረገድ ከእርሱ የሚበልጥ ረዳት የለም፤ ስለዚህ ዲስፔንሰርዎ አጠገብ ሲያዩት በደስታ ይቀበሉት።

አሁን ደግሞ መሐንዲሱ ስለሚሸነፍበት ሰዓት። የጠላት ሐኪም ኡበር የሚባለውን ኃይሉን ሞልቶ ከአንድ ቦምበኛ ጋር ማዕዘኑን ሲታጠፍ፣ ሁለቱም ለስምንት ሰከንድ ምንም ጥይት የማይነካቸው ሆነው ይመጣሉ። ሦስተኛ ደረጃ ሴንትሪ 216 የሕይወት ነጥብ አለው፤ መትረየሱንም አራት አራት የሚወነጨፉትን ሮኬቶቹንም ቢያዘንብባቸው የሚያደርገው ነገር ቢኖር ጥቂት መግፋት ነው። በዚህ ጊዜ ጀማሪው መሐንዲስ ከሴንትሪው ኋላ ተጠግቶ መፍቻውን በማያቋርጥ ፍጥነት ያወርዳል፣ ያወርዳል፣ ከሴንትሪው ጋርም ይሞታል። ጀግንነት ነው የሚል ይኖር ይሆናል፤ ሒሳቡ ግን ይህን አይደግፍም። ሴንትሪን ከምንም አንሥቶ ሦስተኛ ደረጃ ለማድረስ 530 ብረት ይበቃል። ከሩጫው ተርፈው በከረጢትዎ 200 ካለ የሚጎድለው 330 ነው፤ ሦስተኛ ደረጃ ዲስፔንሰር ደግሞ በየአምስት ሰከንዱ 60 ብረት ያፈራል፣ እስከ 400ም ያከማቻል። እርስዎና ዲስፔንሰርዎ ከተረፋችሁ አዲሱ ሴንትሪ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይቆማል። እርስዎ ከሞቱ ግን እንደ ገና ለመነሣት የሚጠብቁት ጊዜ፣ ከመነሻው የሚጓዙት መንገድ፣ በዚያም መካከል ያለ ጠባቂ የሚቀረው ይዞታ ይደመርበታል። ስለዚህ ኡበሩን ገና ሲሰሙት፣ ሐኪሙ ከመታጠፉ በፊት ካወቁ፣ ሴንትሪውን ተሸክመው ይሂዱ፤ ከ2010ው የመሐንዲሱ ማሻሻያ ጀምሮ መሣሪያን ከነደረጃው አንሥቶ ሌላ ቦታ ማኖር ይቻላልና። ሲሸከሙ ግን ሩጫዎ እንደሚቀንስ፣ ተሸክመው ሳሉ ከሞቱም መሣሪያው አብሮ እንደሚጠፋ ይወቁ። ዘግይተው ካወቁ ይተዉትና ይሽሹ። ሴንትሪው ብቻውን የጠላትን ስምንት ሰከንድ ከበላ ዋጋውን ከፍሏል፤ የጠላት ሐኪም ያን ኃይል እንደ ገና ለመሙላት ረጅም ጊዜ ያስፈልገዋል፣ ያም ጊዜ የእርስዎ ነው።

በዱስትቦል ይህ ነገር በግልጽ ይታያል። ካርታው በሦስት ምዕራፍ የተከፈለ ሆኖ በእያንዳንዱ ምዕራፍ ሁለት ይዞታ አለ። የመጀመሪያው ይዞታ ሊወድቅ መሆኑ በታወቀ ጊዜ፣ ልምድ ያለው መሐንዲስ ገና ጓደኞቹ እየተዋጉ ሳለ ዲስፔንሰሩን ወይም ሴንትሪውን ተሸክሞ ወደ ሁለተኛው ያመራል። ለጊዜው ከሃዲ ይመስላል፤ አንዳንዱም በማይክሮፎን ይሰድበዋል። ይዞታው ወድቆ ጠላት በደስታ ወደ ሁለተኛው ሲያጥለቀልቅ ግን ቆሞ የሚጠብቀው የዚያ ሰው መትረየስ ነው።

ጨዋታው ከጊዜ በኋላ ከጨመራቸው መሣሪያዎች መካከል ለመከላከያ ሁለቱን ብቻ ልጥቀስ። ራንግለር የሚባለው ሴንትሪውን በእጅዎ እያነጣጠሩ ከ1,100ው ወሰን ወዲያ እንዲተኩሱ ያስችልዎታል፤ ከሚደርስበትም ጉዳት ሁለት ሦስተኛውን የሚመክት ጋሻ ያለብሰዋል፤ ሲለቁት ግን ሴንትሪው ሦስት ሰከንድ ያህል ፈዝዞ ይቆማል፣ ሰላዩም ይህን ያውቃል። ሬስኪዩ ሬንጀር ደግሞ በ100 ብረት መሣሪያዎን ከሩቅ ወደ እጅዎ ይስብልዎታል፤ ከላይ እንዳልሁት ትቶ መሸሽን ለተማረ ሰው፣ ሸሽቶም ለማትረፍ ከዚህ የሚሻል የለም። ለአጥቂው ወገን ደግሞ ጋንስሊንገር የሚባለው የብረት እጅ አለ፤ ሕይወትዎን በ25 ነጥብ ያሳድጋል፤ ሴንትሪውን ግን በ100 ብረት በፍጥነት በምትቆም፣ ከቶ ደረጃ በማታድግ ትንሽ መትረየስ ይለውጠዋል። ትንሿን መትረየስ ጠላት ሲተኩስባት እርስዎ በሾትጋን ይተኩሱበት፤ ስትፈርስ አይዘኑላት።

በአዲስ አበባ ወይም በሌላ የሀገራችን ከተማ ሆነው የሚጫወቱ አንባቢዎች የሚገናኙበት ሰርቨር ብዙውን ጊዜ ከባሕር ማዶ ስለሚሆን ፒንግ የሚባለውን መዘግየት ሳይቀምሱ አይቀሩም። በጣቱ ፍጥነት ለሚተማመን ተኳሽ ይህ መከራ ነው። የሴንትሪው ማነጣጠር ግን የሚታሰበው በሰርቨሩ ላይ ስለ ሆነ፣ የእርስዎ መስመር ቢዘገይም እርሱ አይዘገይም። በደካማ መስመር የሚጫወት ሰው ለቡድኑ ሙሉ ጥቅም ሊሰጥ ከሚችልባቸው ጥቂት ሥራዎች አንዱ መሐንዲስነት ነው የምለውም ስለዚህ ነው። የሰላዩ ጩቤ ብቻ በዘገየ መስመር ላይ ይበልጥ ጨካኝ ይሆናል፤ ስለዚህ ከኋላዎ ያለውን ግድግዳ እጥፍ አድርገው ይውደዱት።

በመጨረሻ ስለ ጓደኞች። ዝም ብሎ የሚሠራ መሐንዲስ ግማሽ መሐንዲስ ነው፤ ኡበር ሲመጣ፣ ሰላይ ሲያዩ፣ ቴሌፖርተሩን ወደ ፊት ሲያዛውሩ በማይክሮፎን ወይም በጽሑፍ ይናገሩ። ሌላ መሐንዲስ በቡድንዎ ካለ መፍቻዎ የእርሱንም መሣሪያ እንደሚጠግንና እንደሚያሳድግ አውቀው፣ ሁለታችሁ ሴንትሪዎቻችሁን አንዱ የሌላውን ጀርባ እንዲያይ አድርጋችሁ ትከሉ፤ አንድ ሰላይ ሁለቱን ተራ በተራ በቅጽበት እንዳይዘጋቸው ግን ጎን ለጎን አታጣብቋቸው። ሦስተኛ መሐንዲስ ሆነው ሲገኙ፣ ይልቁንም ለአጥቂው ወገን፣ ቡድኑ ከሚያስፈልገው በላይ ግንበኛ አለውና ወደ ሐኪምነት ቢሻገሩ ይሻላል። ክፍልዎን በለወጡበት ቅጽበት የተከሉት ሁሉ አብሮ ስለሚፈርስ፣ በቴሌፖርተርዎ የሚመላለሱ ጓደኞች ካሉ ሌላው መሐንዲስ የራሱን መውጫ እስኪያቆም ድረስ ጥቂት ይታገሡ፤ ከዚያ በኋላ ይለውጡ።